አቶም ሳይታይ እንዴት ተለካ?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ የአቶምን ታሪክ ያልሸመደደ የለም። ዳልተን ጠንካራ ኳስ ነው አለ፣ ቶምሰን ኤሌክትሮንን አገኘ፣ ራዘርፎርድ ኒውክለስን፣ ቦር እርከኖቹን፣ ቻድዊክ ኒውትሮንን። ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ከአምስቱ ስሞች ሌላ በአእምሮ የሚቀረው ጥቂት ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ተመራማሪ ምን ለክቶ፣ የትኛውን ቁጥር አግኝቶ የፊተኛውን ሐሳብ ለመተው እንደተገደደ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የአቶም ታሪክ የሐሳብ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከሐሳብ ጋር አልገጥም ያሉ ቁጥሮች ታሪክ ነው። እዚህ የምንከተለው እነዚያን ቁጥሮች ነው። ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ ካለው ነገር ወስደናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚዛኑ ምን አለ?

ነገር ሁሉ ከምን ተሠራ የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። በእኛ የአብነት ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደሆነ ይነገራል። አርስቶትልም ቁስን በእነዚሁ አራት ከፍሎ አስተምሯል። ከእሱ ቀደም ብሎ በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሌውኪጶስና ዴሞክሪጦስ፣ ቁስ እየተቆረጠ ቢሄድ በመጨረሻ የማይከፈል ቅንጣት ላይ ይደርሳል ብለው ነበር። ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደተሳሳተ የሚለይ መለኪያ ግን አልነበረም፤ የነበረው ክርክር ብቻ ነው። ሐሳቡም ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ባለበት ቆየ።

ያንቀሳቀሰው ሚዛን ነው። አንቷን ላቮዋዝዬ በ1770ዎቹና በ1780ዎቹ በዝግ ዕቃ ውስጥ ነገሮችን እያቃጠለ ከቃጠሎ በፊትና በኋላ መዘነ፤ ጠቅላላው ክብደት አልተለወጠም። ዕቃው ክፍት ከሆነ ይህ አይታይም። ከሰል ነዶ አመዱ የሚቀለው ካርቦኑ ጋዝ ሆኖ ስለሚያመልጥ ነው፤ ብረት ዝጎ የሚከብደው ደግሞ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው። ቀጥሎ ጆሴፍ ፕሩስት፣ የመዳብ ካርቦኔት ከመሬት ተቆፍሮ ቢወጣም በቤተ ሙከራ ቢሠራም የመዳቡ፣ የካርቦኑና የኦክስጅኑ ድርሻ በክብደት ሁልጊዜ አንድ መሆኑን አሳየ።

የማንችስተሩ መምህር ጆን ዳልተን በ1803 የቀረጸውና በ1808 በመጽሐፍ ያወጣው ሐሳብ የተነሣው ከዚህ ነው። ከሰልን እንውሰድ። በቂ አየር ሲያገኝ 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ያው 12 ግራም ካርቦን የሚይዘው 16 ግራም ኦክስጅን ብቻ ነው፤ የሚወጣውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አንደኛው የሌላው ልክ እጥፍ ነው። ከሰሉ በከፊል አየር ሲያጥረው የሚወጣው የሁለቱ ጋዞች ድብልቅ ነው እንጂ 20 ወይም 27 ግራም የያዘ ሌላ ጋዝ አይፈጠርም። ኦክስጅን ማለቂያ በሌለው መንገድ የሚከፋፈል ነገር ቢሆን ኖሮ በመካከል ያለው መጠን ሁሉ ይቻል ነበር። የማይቻለው የአንድ ካርቦን አቶም ጓደኛ ወይ አንድ ወይ ሁለት የኦክስጅን አቶም ስለሆነ ነው፤ አንድ ተኩል አቶም የለም።

ይህ የአንድ አቶም ልዩነት በቤት ውስጥ ነፍስ ያጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ከሰል ያለበትን ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። ፍሙ ጭሱን ጨርሶ ቀይ ቢሆንም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም።

ዳልተን የተሳሳተበት ቦታም ሊታወቅ ይገባል። ሁለት ንጥረ ነገሮች አንድ ውሁድ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ አንድ ለአንድ ተያይዘዋል ብሎ ገመተ፤ ስለዚህ ውሃን አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አደረገው። በውሃ ውስጥ የኦክስጅን ክብደት የሃይድሮጅንን 8 እጥፍ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ሲሰላ አንድ የኦክስጅን አቶም የሃይድሮጅንን 8 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። እውነቱ ግን 16 እጥፍ ነው። ስህተቱ የተጋለጠው ጋዞችን በክብደት ሳይሆን በይዘት በመለካት ነው። ጌ-ሉሳክ ሁለት ሊትር ሃይድሮጅንና አንድ ሊትር ኦክስጅን ሁለት ሊትር የውሃ እንፋሎት እንደሚሰጡ አገኘ። አማዴዮ አቮጋድሮ በ1811 ትርጉሙን ሰጠው፦ በእኩል ሙቀትና ግፊት እኩል ይዘት ያለው ጋዝ እኩል ቁጥር ያለው ሞለኪዩል አለው። እንዲህ ከሆነ አንድ ሊትር ኦክስጅን ሁለት ሊትር እንፋሎት እንዲሰጥ እያንዳንዱ የኦክስጅን ሞለኪዩል ለሁለት መከፈል አለበት፤ ኦክስጅን ጥንድ አቶም ነው ማለት ነው። ውሃም ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ሆነ። ዳልተን ይህን አልተቀበለም፤ አብዛኛው ኬሚስትም እስከ 1860 ድረስ ጆሮ አልሰጠውም። በዚያ ዓመት ካርልስሩኸ ላይ በተደረገ ጉባኤ ስታኒስላዎ ካኒዛሮ ስሌቱን በግልጽ ካስረዳ በኋላ ነው የአቶም ክብደት ሰንጠረዥ አንድ ወጥ የሆነው። ሜንዴሌቭም በ1869 ንጥረ ነገሮችን በረድፍ መደርደር የቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ስንት አቶም?

የዳልተን ሚዛን የሚነግረው ጥምርታን ብቻ ነው። አንድ ኦክስጅን ከአንድ ሃይድሮጅን ስንት ጊዜ እንደሚከብድ ያሳያል፤ አንዱ አቶም በግራም ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንኳ አቶም ለስሌት የሚመች ሐሳብ እንጂ እውነተኛ ነገር አይደለም የሚሉ ታላላቅ ሳይንቲስቶች የነበሩት በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው።

ክፍተቱን የዘጋው ውሃ ላይ የሚንቀጠቀጥ ብናኝ ነው። ሮበርት ብራውን በ1827 ከአበባ ብናኝ የወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ በማይክሮስኮፕ አየ። አልበርት አይንስታይን በ1905 መንቀጥቀጡ የውሃ ሞለኪዩሎች ከየአቅጣጫው የሚያደርሱት ያልተመጣጠነ ግፊያ መሆኑን አስረዳ፤ ቅንጣቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በአማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሰላ ቀመርም ሰጠ። ዣን ፔረን በ1908 እና በቀጣዩ ዓመት ከዛፍ ሙጫ እኩል መጠን ያላቸው ቅንጣቶች አዘጋጅቶ፣ ውሃ ውስጥ በተለያየ ከፍታ ስንት ስንት እንደሚንሳፈፉ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ የሚጓዙትንም ርቀት ለካ። ከዚህ የፈለገው በአንድ ሞል፣ ማለትም በ12 ግራም ካርቦን ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ ነው፤ በተለያዩ መንገዶች ሄዶ የደረሰበት ቁጥር ተቀራራቢ ነበር፤ አቶም የለም የሚሉትን ያሳመነውም ይህ መግጠም ነው። ዛሬ ቁጥሩ በስምምነት የተወሰነ ነው፦ በአንድ ሞል ውስጥ 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት አለ።

ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ ጣና ላይ ሠርተን እንየው። ከሐይቁ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ ቅዱ። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ስለሚከብድ 200 ግራም ውሃ ለ18 ሲካፈል 11.1 ሞል ይሆናል፤ በ6.02 × 10²³ ሲባዛ 6.7 × 10²⁴ ሞለኪዩል ነው። የጣና ውሃ በአማካይ 28 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሊትር 2.8 × 10¹³፣ በብርጭቆ 1.4 × 10¹⁴። አሁን በብርጭቆው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሞለኪዩል ምልክት ተደርጎበታል እንበል፤ መልሰን ሐይቁ ውስጥ ደፍተን፣ ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር እኩል እስኪዳረስ ተማሰለ እንበል። ከዚያ ደቅ ደሴት ላይ የሚቀዳ አንድ ብርጭቆ ምልክት ያለው ሞለኪዩል ስንት ይኖረዋል? 6.7 × 10²⁴ ለ1.4 × 10¹⁴ ሲካፈል 4.8 × 10¹⁰ ነው፤ 48 ቢሊዮን ገደማ። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለው የሞለኪዩል ቁጥር በጣና ካለው የብርጭቆ ቁጥር ይህን ያህል ጊዜ ይበልጣል። እንዲህ ዓይነት ስሌት ሲሠራ ብዙ ተማሪ የሚሳተው ኪዩቢክ ኪሎ ሜትርን ወደ ሊትር ሲቀይር ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር አንድ ሺህ ሳይሆን አንድ ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ነው።

የማይከፈለው ተከፈለ

ኬሚስቶቹ አቶምን እየቆጠሩ ሳለ የፊዚክስ ሰዎች አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከፍተኛ ቮልት ሲለቁ ከኔጌቲቩ ጫፍ የሚወጣ ጨረር ያዩ ነበር። ሃይንሪክ ኸርትዝ ጨረሩን በሁለት ቻርጅ ባላቸው ሳህኖች መካከል አሳልፎ አልታጠፈለትም፤ ቻርጅ የለውም ብሎ ደመደመ። የሳተው ቱቦው ውስጥ በቀረው ጋዝ ምክንያት ነው። ጨረሩ የተረፈውን ጋዝ ወደ አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ወዳለው አቶም ይለውጠዋል፤ አዮኖቹም በሳህኖቹ ላይ ተከማችተው የኤሌክትሪክ ግፊቱን ይሸፍኑታል። ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 ካምብሪጅ ላይ አየሩን የበለጠ አስመጥጦ ሲሞክር ጨረሩ ወደ ፖዘቲቩ ሳህን ታጠፈ።

ቶምሰን የኤሌክትሪኩን መታጠፍ ከማግኔቱ ጋር አነጻጽሮ የቅንጣቱን የቻርጅና የክብደት ጥምርታ አወጣ። ቁጥሩ ከሃይድሮጅን አዮን ከሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ በዛሬው ልኬት 1836 ጊዜ ነው። የኔጌቲቩን ጫፍ ብረት ሲለውጥ፣ በቱቦው ውስጥ ያለውን ጋዝ ሲለውጥ ጥምርታው ያው ነው። ከሁሉም ነገር የሚወጣው አንድ ዓይነት ቅንጣት ከሆነ የሁሉም አቶም ክፍል ነው ማለት ነው። ኤሌክትሮን የታወቀው እንዲህ ነው። የአንዱ ኤሌክትሮን ቻርጅ ብቻውን 1.602 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ መሆኑ የተለካው በኋላ ነው፤ ሮበርት ሚሊካን ከ1909 ጀምሮ ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎችን በኤሌክትሪክ መስክ አየር ላይ እያንሳፈፈ ሠራው።

አቶም በጠቅላላው ቻርጅ የለውም። ኤሌክትሮኑ ኔጌቲቭ ከሆነ ፖዘቲቩ የት ነው? ቶምሰን በ1904 ፖዘቲቩ በአቶሙ ሙሉ ይዘት እኩል ተዳርሶ፣ ኤሌክትሮኖቹ በውስጡ ተሰግስገው እንዳሉ አድርጎ ሣለው።

የወርቅ ቅጠሉ

ይህን ሥዕል ያፈረሰው ሙከራ ከሁሉም በላይ በዝርዝር መታወቅ ያለበት ነው ብለን እናምናለን፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

በኧርነስት ራዘርፎርድ መሪነት ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን ማንችስተር ላይ የሠሩት መሣሪያ አምስት ነገር ነበረው። አልፋ የተባሉ ከባድና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶችን የሚረጭ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ፤ የሚወጡትን አልፋ ቅንጣቶች ወደ ቀጭን ጨረር የሚያጠብብ ቀዳዳ ያለው እርሳስ፤ ከአንድ ማይክሮ ሜትር የቀጠነ የወርቅ ቅጠል፤ አልፋ ሲመታው ብልጭ የሚል የዚንክ ሰልፋይድ መጋረጃ፤ እና ከመጋረጃው በስተኋላ ሆኖ ወርቁን እየዞረ የሚያይ ማይክሮስኮፕ። አልፋ በአየር ውስጥ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ ስለማይጓዝ በኋለኞቹ ሙከራዎች አየሩ ከዕቃው ተመጠጠ። ብልጭታው እጅግ ደካማ ስለሆነ ክፍሉ ጨለማ መሆን ነበረበት፤ የሚቆጥረውም ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ መቀመጥ ነበረበት። ዓይን ቶሎ ስለሚደክም ቆጠራው በአጭር በአጭሩ፣ በየተራ ነው የተሠራው።

ወርቅ የተመረጠው ከሌላው ብረት ሁሉ ቀጥኖ ስለሚጠፈጠፍ ነው። አልፋ ቅንጣት ከኤሌክትሮን 7300 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ከኤሌክትሮን ጋር ቢጋጭ መንገዱን አይለቅም። የቶምሰን ሥዕል ትክክል ቢሆን ፖዘቲቩ ቻርጅ ተበትኖ ሳስቷልና አልፋው ከጥቂት ዲግሪ በላይ መታጠፍ የለበትም። በርግጥም አብዛኞቹ በቀጥታ አለፉ። በ1909 ግን ጋይገርና ማርስደን ፕላቲኒየም ላይ ሲለኩ ከ8000 አልፋዎች አንዱ ያህል ወደመጣበት ተመለሰ።

ብዙ ትንንሽ ግጭቶች ተደማምረው ይሆናል እንዳይባል ራዘርፎርድ ስሌት ሠራ፤ በትንንሽ ግጭቶች ድምር ወደ ኋላ የመመለስ ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም። በ1911 የደረሰበት መደምደሚያ፣ የአቶሙ ፖዘቲቭ ቻርጅና ክብደቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ በመካከል ባለ እጅግ ትንሽ ቦታ ታጭቋል የሚል ነው፤ ኒውክለስ የሚባለው ይህ ነው። ሐሳቡ የሚፈተንበት ትንበያም ነበረው፦ አልፋው በአንድ ግጭት የሚመለስ ከሆነ የቅጠሉ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የሚመለሱት ቁጥርም እጥፍ መሆን አለበት። ጋይገርና ማርስደን በ1913 ቅጠል በቅጠል እየደረቡ ቆጠሩ፤ ቁጥሩ እንደተባለው ሆነ።

የመጠኑን ነገር ለመያዝ የሃይድሮጅንን አቶም አስቡ። ኒውክለሱ አንዲት የጤፍ ፍሬ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ብትሆን አቶሙ ከዳር እስከ ዳር 60 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በመካከል ምንም የለም፣ የኤሌክትሮኑ መገኛ ብቻ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚሣለው አቶም ይህን ፈጽሞ አያሳይም፤ በልኩ ቢሣል ገጹ አይበቃውም።

ብርሃኑ የያዘው ቁጥር

የራዘርፎርድ አቶም አንድ ከባድ ችግር ነበረበት። በኒውክለስ ዙሪያ የሚዞር ኤሌክትሮን በታወቀው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት ብርሃን እየረጨ ኢነርጂውን ይጨርሳል፤ ከ10⁻¹⁰ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥም ኒውክለሱ ላይ ይወድቃል። ዓለም ግን ቆማለች። ኒልስ ቦር በ1913 ያቀረበው መፍትሔ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፦ ኤሌክትሮን የሚኖረው በተወሰኑ የኢነርጂ እርከኖች ብቻ ነው፤ ብርሃን የሚሰጠው ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ ነው።

ለሃይድሮጅን የእርከኖቹ ኢነርጂ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶም ኢነርጂ የሚለካበት ትንሽ መለኪያ ነው) ለእርከን ቁጥሩ ካሬ ተካፍሎ፣ በኔጌቲቭ ምልክት ነው። ሁለተኛው 3.40፣ ሦስተኛው 1.51፣ አራተኛው 0.85 ይሆናል። ኤሌክትሮኑ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲወርድ 1.89 ኤሌክትሮን ቮልት ይለቃል። 1240 ለዚህ ቁጥር ሲካፈል የሞገድ ርዝመቱን በናኖ ሜትር ይሰጣል፤ 656፣ ቀይ ብርሃን። ከአራተኛው ወደ ሁለተኛው 2.55 ነው፤ 486 ናኖ ሜትር፣ አረንጓዴ የነካው ሰማያዊ። ሁለቱም የሃይድሮጅን መብራት ሲታይ በትክክል የሚገኙበት ቦታ ነው። ቦርን ያሳመኑት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው፤ የክብ መንገዱ ሥዕል አይደለም።

የተነጣጠለ ብርሃን በቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። የሚያስፈልገው ቤት የተቀመጠ አሮጌ ሲዲ ወይም ቪሲዲ፣ የጫማ ካርቶንና ሁለት ምላጭ ነው። የሲዲ ጭረቶች በ1.6 ማይክሮ ሜትር ልዩነት ስለተደረደሩ ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ ይበትናሉ። በካርቶኑ አንድ ጫፍ ላይ ሁለቱን ምላጮች ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ትታችሁ በፕላስተር ለጥፉ። በሌላው ጫፍ ሲዲውን የሚያብለጨልጨው ገጹ ወደ ክፍተቱ እንዲያይ፣ ከወለሉ 60 ዲግሪ ያህል አጋድማችሁ ትከሉ፤ ከሲዲው በላይ ባለው ክዳን ላይ ማያ ቀዳዳ ክፈቱ። ክፍተቱ አግድም መሆን አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀለሞቹ ይደራረባሉ። ከሰፋም መስመሮቹ ይቀላቀላሉ፤ ካርቶኑ በሌላ ቦታ ብርሃን ካስገባ ደግሞ ሁሉም ይደበዝዛል። ወደ ፀሐይ በፍጹም አታዙሩት።

ረጅሙን ፍሎረሰንት መብራት ስታዩበት ሐምራዊው መስመር 436 ላይ፣ አረንጓዴው 546 ናኖ ሜትር ላይ ለብቻ ለብቻ ቆመው ይታያሉ፤ በቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ አቶም እርከኖች ናቸው። የኤልኢዲ አምፖል ግን ያልተቆራረጠ ቀለም ያሳያል፤ አብዛኛው ብርሃኑ በውስጡ ከተቀባው ጠጣር ዱቄት ስለሚወጣ የነጠላ አቶም ምልክት የለውም። በቡታጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ላይ ጨው የነካ ሽቦ ብታስገቡ ነበልባሉ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ በሲዲው ሲታይ 589 ላይ ያለ አንድ መስመር ነው፤ ሶዲየም ነው። የማገዶ ወይም የሻማ ነበልባል ለዚህ አይሆንም፤ ቢጫነቱ ከጋለ ጥቀርሻ የሚመጣ ስለሆነ የሶዲየሙን ይሸፍነዋል። ሽቦው የመዳብ ከሆነም አረንጓዴ ይጨምርበታል። ከዚያ በኋላ በዚያው ሽቦ ሌላ ጨው ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ሽቦውን ደጋግሞ ማጠብ አለበት፤ የጣት ላብ የሚተወው ጨው ብቻ ሁሉንም ቢጫ ሊያደርግ ይበቃል።

ኒውክለሱ ውስጥ

ሄንሪ ሞዝሊ በ1913 የተለያዩ ንጥረ ነገሮች የሚሰጡትን ኤክስሬይ ለካ፤ የድግግሞሹ ካሬ ሥር በሰንጠረዡ ላይ ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሌላው በእኩል እርምጃ ያድጋል። የአቶም ቁጥር፣ ማለትም የኒውክለሱ ቻርጅ ትክክለኛ ትርጉም ያገኘው ያኔ ነው። ኮባልት 58.93፣ ኒኬል 58.69 ይከብዳል፤ በክብደት ቢደረደሩ ኒኬል ይቀድማል፤ በሞዝሊ ልኬት ግን ኮባልት 27፣ ኒኬል 28 ነው። በ43፣ በ61 እና በ75 ያልተገኘ ንጥረ ነገር እንዳለም አሳየ። በ1915 በ27 ዓመቱ ጋሊፖሊ ላይ በጦርነት ሞተ፤ የሳይንስ ትልቅ ጉዳት ነው።

በኒውክለሱ ውስጥ ያለው ፖዘቲቭ ቅንጣት፣ ፕሮቶን፣ ራዘርፎርድ ከ1917 እስከ 1919 በሠራቸው ሙከራዎች ታወቀ። ነገር ግን የፕሮቶን ቁጥር ብቻውን የአቶሙን ክብደት አይሞላም፤ ሂሊየም ሁለት ፕሮቶን ይዞ አራት ይከብዳል። ቤሪሊየም በአልፋ ሲመታ ቻርጅ የሌለው ጨረር ይወጣል፤ ጨረሩ ፓራፊን ሰም ላይ ሲያርፍ ፕሮቶን ያስወጣል። ጨረሩ ጋማ፣ ማለትም ከኤክስሬይ ጋር የሚመሳሰል ከፍተኛ ኢነርጂ ያለው ጨረር ነው የሚል ሐሳብ ነበር። ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ሲያሰላ፣ ጋማ ፕሮቶንን በዚያ ፍጥነት ለመግፋት ከ50 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሊኖረው ይገባል፤ ከአልፋውና ከቤሪሊየሙ ግን ያን ያህል ኢነርጂ አይገኝም። የፕሮቶንን ያህል የሚከብድ፣ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ከሆነ ግን ስሌቱ ይገጥማል። ኒውትሮን ነው።

እንግዲህ የሶዲየም አቶም ቁጥር 11፣ የመጠነ ቁስ ቁጥር 23 ሲባል 11 ፕሮቶን፣ 12 ኒውትሮን፣ 11 ኤሌክትሮን ማለት ነው። ኤሌክትሮን ሲሰጥ ወይም ሲወስድ አዮን ይሆናል፤ ፕሮቶን ከተለወጠ ግን ንጥረ ነገሩ ራሱ ሌላ ይሆናል። በፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት በሰንጠረዡ ላይ ያለውን ነጥብ ያለው ቁጥር እንደ መጠነ ቁስ ቁጥር መውሰድ ነው። የክሎሪን 35.45 ሲባል 18.45 ኒውትሮን ያለው አቶም የለም። ፍሬድሪክ ሶዲ በ1913 አይሶቶፕ ብሎ የሰየማቸው፣ በኒውትሮን ቁጥር ብቻ የሚለያዩ አቶሞች አማካይ ነው፤ 75.8 በመቶው ክሎሪን 35፣ 24.2 በመቶው ክሎሪን 37 ነው። በሙሉ ቁጥሮቹ ብታሰሉት 35.48 ታገኛላችሁ። ትንሿ ልዩነት የምትመጣው ኒውክለስ ሲያያዝ ጥቂት ክብደት በኢነርጂ መልክ ስለሚያጣ ነው።

አይሶቶፕ ጣና ላይም ሥራ አለው። ከ500 የኦክስጅን አቶሞች አንዱ ገደማ ኦክስጅን 18 ነው፤ እሱን የያዘ የውሃ ሞለኪዩል ከተለመደው ስለሚከብድ በዝግታ ይተናል። ጣና ብዙ ውሃ በትነት ስለሚያጣ በሐይቁ የሚቀረው ውሃ ከዝናቡና ከሚገቡት ወንዞች ይልቅ ኦክስጅን 18 ይበዛበታል። አንድ ጉድጓድ ውሃውን ከሐይቁ ይሁን ከዝናብ እንደሚያገኝ መለየት የሚቻለው በዚህ ነው። ናሙናው ግን አፍ ድረስ ሞልቶ ወዲያው መታሸግ አለበት፤ ክፍት ጠርሙስ ውስጥ ከቆየ ራሱ ተንኖ ውጤቱን ያበላሻል።

አሥራ ዘጠነኛው ኤሌክትሮን

የቦር ሥዕል ሃይድሮጅንን ካስረዳ በኋላ ሂሊየም ላይ ወደቀ። ሉዊ ደ ብሮይ በ1924 ኤሌክትሮን ሞገድም ነው አለ፤ ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1926 የሞገዱን ቀመር ጻፈ፤ ማክስ ቦርን በዚያው ዓመት ቀመሩ የሚሰጠው ኤሌክትሮኑ በየቦታው የመገኘት ዕድል መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ ኤሌክትሮን መንገድ የለውም። እርከኖቹ ግን አሉ፤ ቁጥሮቹም የቦር ቁጥሮች ናቸው።

አንድ እርከን የሚይዘው የእርከን ቁጥሩ ካሬ በ2 ተባዝቶ ነው፤ 2፣ 8፣ 18፣ 32። እዚህ ላይ ፖታሲየም ተማሪን ያሳስታል። 19 ኤሌክትሮን ስላለው፣ ሦስተኛው እርከን ደግሞ 18 ስለሚይዝ 2፣ 8፣ 9 ይጽፋሉ። ትክክሉ 2፣ 8፣ 8፣ 1 ነው። በእያንዳንዱ እርከን ውስጥ ንዑስ ክፍሎች አሉ፤ የአራተኛው እርከን የመጀመሪያ ክፍል ወደ ኒውክለሱ ዘልቆ ስለሚገባ ኢነርጂው ከሦስተኛው የመጨረሻ ክፍል ያንሳል፤ አሥራ ዘጠነኛው ኤሌክትሮን ዝቅ ወዳለው ይገባል። ያ ብቸኛ ኤሌክትሮን በ4.34 ኤሌክትሮን ቮልት ይላቀቃል፤ ከሶዲየሙ 5.14 ይቀላል። ፖታሲየም በተፈጥሮ ብረት ሆኖ የማይገኘው፣ በእንጨት አመድ ውስጥም በካርቦኔት መልክ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ከፖታሲየም አቶሞች 0.0117 በመቶው ፖታሲየም 40 ናቸው፤ ግማሾቹ በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈርሳሉ። ከሚፈርሱት 89 በመቶ ያህሉ ካልሲየም፣ የተቀሩት አርጎን ጋዝ ይሆናሉ። ቀልጦ የሚፈስ ድንጋይ የቀድሞ አርጎኑን ይለቃል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን አዲስ የሚፈጠረው ውስጡ ይቀራል። የሰሜን ምዕራቡን አምባ የሠራው፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ጥቁር ድንጋይ ዕድሜው የሚታወቀው አርጎኑን በመቁጠር ነው። ከአንድ ሚሊዮን ፖታሲየም 40 አቶሞች በ30 ሚሊዮን ዓመት 16,500 ያህሉ ይፈርሳሉ፤ 1,770 ገደማው አርጎን ሆኗል። ጣናን በደቡብ በኩል የገደበውና ባሕር ዳር የተቀመጠችበት ድንጋይ ግን ከዚያ በጣም የቅርብ ጊዜ ነው፤ 100,000 ዓመት ለሆነው ድንጋይ በዚያው ስሌት ከሚሊዮኑ ስድስት አርጎን ብቻ ነው የሚገኘው። አየር ራሱ 0.93 በመቶ አርጎን ስላለበት በድንጋዩ ቀዳዳ የገባ ጥቂት አየር ስድስቱን ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከዝናብና ከሥር ነፃ ከሆነው ከድንጋዩ እምብርት ተፈልጦ ይወሰዳል፤ በመለኪያው ላይም ከፖታሲየም የማይመጣው አርጎን 36 ለብቻው ተቆጥሮ የአየሩ ድርሻ ይቀነሳል።